ለእናቴ ክፍል ሙቀት ላመጣልን ልጅ ምስጋና (ከዘይት ወደ ጋዝ መቀየር ለምታስቡም)

ስራው ሲያልቅ የቤታችንን ማሞቂያ ስለቀየረልን ስለዚህ ልጅ እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ሆን ብዬ ሁለት ወር ቆየሁ፣ እቃው በደህና ቀን ብቻ ሳይሆን በዛ በሚገርፍ ብርድም ሲሰራ ልየው ብዬ። አየሁት። ስሙን እንዳልጽፍ ራሱ ለምኖኛል፣ «አሁን ክረምት ነው እህቴ፣ ስልኬ እንደሆነ ካሁኑ አብዷል» አለኝ፣ ስለዚህ የምትፈልጉት በኢንቦክስ ጠይቁኝ።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፣ በ1951 የተሰራ የጡብ ቤት፣ እነዛ የማይነቀነቁ ከባድ የብረት ራዲያተሮች ያሉት። ቤዝመንት ውስጥ በዘይት (የምግቡ ሳይሆን ለማሞቂያ በሚቃጠለው ነዳጅ) የሚሰራ ቦይለር ነበረን (ቦይለር ስል አዲስ አበባ ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አይደለም፣ ውሃ እያሞቀ በቧንቧ ቤቱን ሙሉ የሚያዞረውን ትልቁን ነው) ከጎኑ ደግሞ 275 ጋሎን የሚይዝ ታንክ። ባለፈው ዓመት ጃንዋሪ ቦቴው መጥቶ አንዴ 200 ጋሎን ሲሞላልን ከ800 ዶላር በላይ ከፍያለሁ። የሻወሩንም ውሃ የሚያሞቀው እሱው ስለነበር በጁላይ ሙቀት እንኳ ዘይት ይቃጠላል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ፎቅ ላይ ያለው የእናቴ ክፍል አይሞቅም። እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ብርድ አዲሷ አይደለም፣ ግን «ደብረ ብርሃን ብርዱ ደጅ ነው፣ እዚህ አብሮኝ ይተኛል» እያለች ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ነው ያን ክረምት ያለፈችው።

በጋዝ ልንቀይረው ነው ስላት ደግሞ «ታዲያ ይሄ ቤቱን የሚያገማውስ ጋዝ አይደለም እንዴ?» ብላ አሳቀችኝ። እውነቷን እኮ ነው፣ ታች የሚሸተው ቁርጥ ላምባ ነው። ነጭ ጋዝ ሳይሆን እንደ ቡታጋዝ ያለው፣ በመንገድ ስር በቱቦ የሚመጣው ነው ብዬ ነው ያስረዳኋት።

መጀመሪያ የመጣው ኮንትራክተር ሌላ ነበር። ቤዝመንት ደረጃ ላይ ቆሞ የአሮጌውን ቦይለር ጽሁፍ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ 150 ሺህ ቢቲዩ ነው (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው) ያንኑ እናስገባለን፣ 17,400 ዶላር፣ ዛሬ ከፈረማችሁ 500 እንቀንሳለን አለና ሄደ፣ አስር ደቂቃ አልቆየም። ከዛ ቤተክርስቲያን አንዲት እህት የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ።

እሱ ሜትሩን ይዞ ነው የገባው። መስኮቶቹን ለካ፣ አቲክ ወጥቶ ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘውን ኢንሱሌሽን አየ፣ እያንዳንዱን ራዲያተር ቁመቱን ለክቶ ስንት ክፋይ እንዳለው ቆጠረ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከዛ ካርቶን ላይ በፓርከር እየጻፈ ሲያስረዳኝ ለዚህ ቤት 80 ሺህ ቢቲዩ ይበቃል አለ፣ ድሮ የሚገጥሙት ለማንኛውም እያሉ እያተለቁ ነው፣ ከልክ በላይ የሆነ ቦይለር ቶሎ ያሞቅና ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል ይጠፋል፣ ጋዝም ይበላል እቃውም ቶሎ ያልቃል። ባለሙያ ትንሹን ግዙ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ካርቶኑ ላይ አንድ ጋሎን ዘይት የሚሰጠው ሙቀት ከ1.4 ተርም ጋዝ ጋር እኩል ነው ብሎም ጽፎልኛል፣ የጋዝ ቢል የሚመጣው በተርም ስለሆነ የድሮውንና ያሁኑን የማወዳድረው በዛ ነው፣ ካርቶኑን አልጣልኩትም።

ሳንፈርም በፊት ደግሞ «ሂት ፐምፕም ዋጋ ጠይቁ፣ እኔ አልገጥምም ግን ሳታዩ እንዳትወስኑ» አለን (በኤሌክትሪክ ከውጪው አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያስገባውን ነው)። ጠየቅን፣ ቤታችን ደክት የሚባል የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ስለሌለው ዋጋው ወደ ላይ ወጣብን፣ ተውነው። ስራውን ሊያጣ ይችል ነበር እኮ።

ያስገባልን ኮንደንሲንግ የሚባለውን ነው፣ ከሚቃጠለው ጋዝ 95 ፐርሰንቱን ወደ ሙቀት ይቀይራል የሚሉትን። እኔ እንደገባኝ አሮጌው ሙቀቱን ከጭሱ ጋር በጭስ ማውጫው ይሸኘው ነበር፣ ይሄኛው ጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ እስኪሆን ድረስ ሙቀቱን ይመጠዋል፣ ለዛ ግን ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ130 ዲግሪ ፋራናይት በታች መሆን አለበት። እኛ አውጥተን ልንጥላቸው ያሰብናቸው አሮጌ ብረቶች ትልልቅ ስለሆኑ ለብ ባለ ውሃም ቤት ያሞቃሉ፣ «እንዳትነኳቸው» አለ። ውጪ ግድግዳ ላይ ትንሽ ሴንሰር ሰቅሏል፣ ውጪው ሲበርድ ውሃውን ጠንከር ያደርገዋል፣ ሞቅ ሲል ይቀንሳል። ጭሱ አሁን በነጭ ፒቪሲ ቱቦ በቤቱ ጎን ነው የሚወጣው፣ በረዶ ሲከመር እዛ ጋ መጥረግ እንዳትረሱ ብሎ ሁለቴ ነግሮኛል። ከእቃው የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ አሲድነት ስላለው መጀመሪያ በጠጠር በተሞላ ቱቦ አልፎ ነው ድሬን የሚገባው።

ፐርሚቱን በራሱ ላይሰንስ ነው ያወጣው። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የጋዝ ቧንቧ ፐርሚት የሚሰጠው ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ነው፣ ያው የውሃ ቢል የሚልክልን፣ እኔ አላውቅም ነበር። ያለ ፐርሚት በርካሽ እንጨርሰው የሚላችሁ ካለ በሩን አሳዩት። ከመቆፈሩ በፊት መሬት ስር ያሉትን መስመሮች ምልክት የሚያስደርገው 811 ተደውሎ ግቢያችን በትንንሽ ባንዲራ ተሞላ፣ ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ መብራት፣ አረንጓዴው ፍሳሽ ነው፣ እናቴ በመስኮት አይታ «ዛሬ የባንዲራ ቀን ነው እንዴ?» አለች።

አንድ ነገር ላይ ተናድጄበት ነበር። የጋዝ ቆጣሪው (ሜትሩ) ሳይገጠም አሮጌውን ቦይለር አልነካም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ቶሎ ይለቅ ነው የምለው፣ እሱ ቧንቧውን ዘርግቶ፣ አየር ሞልቶ፣ የግፊት መለኪያ ጌጁን አስሮ፣ ኢንስፔክተሩ መጥቶ መርፌዋ አለመውረዷን አይቶ ካሳለፈው በኋላ እንኳ አሮጌው እየሰራ ይቆይ አለ። ሜትር ገጣሚዎቹ ዛሬ ነገ እያሉ ሶስት ሳምንት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው፣ በዛ መሀል ውጪው ውሃ የሚያረጋ ብርድ ሆነ። እሺ ብሎኝ አሮጌውን ነቅሎት ቢሆን እናቴን የት አደርጋት ነበር? ቅያሪው ራሱ ሁለት ቀን ነው የፈጀው፣ መሀል ላይ ያለችውን አንድ ሌሊት ከራሱ ቫን ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አውጥቶ ሰጥቶን ነው ያደርነው።

ታንኩ በወጣ ቀን ማታ፣ ጨልሟል፣ እጁ ቆፍን ይዞታል፣ ውጪ ወጥቶ ዘይት የሚቀዳበትን ቱቦ ነቅሎ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሲደፍን አገኘሁት። «ነገ ይደርሳል፣ ግባ ሙቅ» ብለው እምቢ አለኝ። ለካ ታንክ ወጥቶ ቱቦው ውጪ ሲቀር ቦቴው ሳያውቅ መጥቶ ዘይቱን ባዶ ቤዝመንት ውስጥ የሚለቅበት ጊዜ አለ፣ በመቶ የሚቆጠር ጋሎን፣ አስቡት። ዘይት አምጪዎቹ ጋም አጠገቡ ቆሜ አስደውሎኛል፣ አውቶማቲክ ደሊቨሪው መሰረዙን በጽሁፍ እስኪልኩልኝ አልለቀቀኝም።

ጋዙ በተለቀቀ ቀን የእቃ ሳሙና በውሃ በጥብጦ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀባ፣ አንዷ ላይ የመርፌ አናት የምታክል አረፋ ብቅ ጥፍት አለች። እኔ እንኳ ማየቴን እንጃ። ጋዙን ዘግቶ፣ ፈትቶ፣ እንደ አዲስ አሰረው፣ ሰዓቱ ማታ ሶስት ሰዓት ሆኗል። እናቴ ሽሮ ሰርታ ጠብቃዋለች፣ የገና ጾም ስለነበር የጾም ነው ብላ ምላ ነው ያስቀመጠችው። እሱም እየበላ የካርቦን ሞኖክሳይዱን አላርም «ማዘር፣ የከሰል ጭስ ያውቁ የለ፣ ይሄ የሱ ዘበኛ ነው፣ ሲጮህ ጋቢዎን ይዘው ቀጥ ብለው ደጅ» ብሎ አስረዳት። እኔ ከዛ በተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር። በየፎቁ አንድ አንድ ሰቅሎልናል።

በአራተኛው ቀን የእናቴ ራዲያተር ከላዩ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ቴክስት አደረግኩለት፣ ከስራ ሲወጣ በዛው መጣ። ትንሿን ቁልፍ ይዞ አየሩን አስወጣ፣ ሽሽሽ ብሎ ቆይቶ ጥቁር ውሃ መጣ፣ ግን አሁንም ግማሹ ብቻ ነው የሚሞቀው፣ ታች ያለው ቫልቭ ለካ ስንት ዘመን በከፊል ተዘግቶ ደርቋል። ቫልቩን ቀየረው፣ የወሰደው የእቃውን ዋጋ ብቻ ነው። አሁን እናቴ ማታ ጋቢዋን እሱ ላይ አጥፋ ታስቀምጥና ሞቅ ሲል ተከናንባ ትተኛለች።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ስራ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካለ አራት ሰዓት በሉት፣ ቧንቧው ያለፈበትን ግድግዳም ደፍኖታል እንጂ ቀለም አልቀባውም። በጠቅላላው 13,800 ከፍለናል፣ የታንኩ ማስወጫና የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀው አዲሱ ታንክ ተጨምሮበት። የጃንዋሪ የጋዝ ቢል 190 ዶላር መጣ። ላምባው ሽታ ከቤዝመንቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ እናቴ በየቀኑ ዕጣን እያጨሰች ነው።

ስትደውሉለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ካላነሳ የአሮጌውን ቦይለር ፎቶ ቴክስት አድርጉለት፣ ማን ላካችሁ ካለ የሲልቨር ስፕሪንጓ ማዘር፣ የሽሮዋ፣ በሉት።