ለደከመ የጓሮ አፈር ምን ልግዛ? ፍግ፣ የዶሮ ኩስ፣ የትል ብስባሽ ወይስ ዩሪያ

ግንቦት ሲገባ ጎንደር ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ስለ አፈሩ ማሰብ ይጀምራል። "ጎመኑ ቀጨጨብኝ፣ ምን ልጨምርበት?" የሚለኝ ጎረቤት ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ አፈርህ ምን ዓይነት ነው?

እርጥብ አፈር በእፍኝ ያዙና በመዳፋችሁ መሃል እንደ ገመድ አሹት። ሳይበጠስ ቀጭን ሆኖ ከተለጠጠ ዋልካ ነው። ዋልካ ምግብ አያጣም፤ የሚያጣው አየር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል። ተዳፋት ላይ ያለው ቀይ አፈርና ጭንጫ ደግሞ ውሃም ምግብም አይቋጥርም። ሁለቱንም የሚክስ አንድ ነገር አለ። እሱም የበሰበሰ ፍግ ነው።

የከብት ፍግ ዋልካውን ያላላዋል፣ ቀዩን አፈር ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። ናይትሮጅኑ (ቅጠል የሚያለመልመው ምግብ) ጥቂት ነው፣ የሚለቀውም ቀስ እያለ ነው። ግን ለዓመት ይተርፋል። ችግሩ ጥሩውን ማግኘት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ስለሚገባ ያረጀ ፍግ እንደ ልብ አይገኝም፤ ትኩሱን "የበሰለ ነው" ብሎ የሚሸጥም አለ። ስለዚህ እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ክተቱ። የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነም ገና ነው። የበሰለ ፍግ ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል፣ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ለውሃ እየከፈላችሁ ነው። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 4 ሙሉ ማዳበሪያ ያህል ይበቃል፤ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሆናል። (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው። ከረጢቱ ራሱ በዚህ ስም መጠራቱ ሁሌ ይገርመኛል።)

የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው። ናይትሮጅኑ ከከብት ፍግ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ ለዚያው መደብ 1 ማዳበሪያ ይበቃል፤ በዋጋ ካሰባችሁት ይረክሳል። ግን ትኩሱን እንዳትነኩት። አንድ ጊዜ "ዝግጁ ነው" የተባልኩትን ገዝቼ በማግስቱ የቃሪያ ችግኝ ተከልኩበት። በሳምንት ውስጥ ጫፋቸው ተቃጥሎ አለቁ። ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር ተከምሮ መቆየት አለበት። ሰጋቱራ የበዛበት ከሆነ አትግዙት፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማል። ለጎመንና ለቆስጣ ግሩም ነው። ለካሮት ግን አይሆንም፣ ሥሩ ይሰነጣጠቃል። ቲማቲምም ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የትል ብስባሽ ጥሩ ነው፣ ውድም ነው። ለሙሉ መደብ አልገዛውም። ለችግኝ ማፍያና ስትተክሉ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እፍኝ ለመጨመር ግን ዋጋውን ያወጣል።

ዩሪያ የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። ቶሎ ይሠራሉ። የአፈሩን አካል ግን አይለውጡትም፤ ዋልካው ዋልካ እንደሆነ ይቀራል። ጓሮ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት መጠኑ ነው። ለሄክታር 100 ኪሎ ማለት ለ10 ካሬ ሜትር 100 ግራም ብቻ ነው። አንድ እፍኝ ለአንድ እግር ጎመን የሚሰጥ ሰው አትክልቱን እየገደለ ነው። ዩሪያ የምገዛው ከታች ያሉት ቅጠሎች መጀመሪያ ቢጫ ሲሆኑ ነው። እርጥብ አፈር ላይ በትኑትና ወዲያው አፈር አልብሱት፤ ከላይ ከተተወ ወደ አየር ይተናል።

አሸዋ እንድትገዙ የሚመክራችሁ ይኖራል። እባካችሁ አትግዙ። ዋልካን በአሸዋ ለመለወጥ የአፈሩን ግማሽ የሚያህል አሸዋ ያስፈልጋል፤ ጥቂቱ ሲገባበት ጭራሽ ይጠነክራል። አመድ ከቤታችሁ በነጻ አለ፣ ፖታሲየም አለው። ስስ አድርጋችሁ ነስንሱት፤ ከዩሪያና ከትኩስ ፍግ ጋር ግን አታደባልቁት፣ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል።

ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ 4 ማዳበሪያ ያረጀ ፍግ እገዛለሁ። ለዚያም ባይበቃ ከጥምቀት በኋላ የጓሮ ቅጠል፣ የወጥ ቤት ልጣጭና እበት ደራርቤ እከምራለሁ። በበጋው ውሃ እያርከፈከፉ በየ3 ሳምንቱ ካገላበጡት ለግንቦት ይደርሳል።

መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ ግን ከግዢው በፊት መደቡን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውን ቦይ አውጡ። ይህንንም ሐምሌ ላይ ጭቃ እያቦካችሁ ሳይሆን ክረምቱ ሳይጠና፣ አፈሩ ሲፈረፈር ጨርሱት።