ወገን በባዕድ ሀገር ሲያርፍ፦ ቀብር ወይስ ማቃጠል?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ መርዶው ሐዋሳ የደረሰው ሌሊት ነው። ሲነጋ ታቦር ባለው የአክስቴ ቤት ደጃፍ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፤ የሚቀበር አስከሬን ግን አልነበረም። ከወዲያ ማዶ የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ይምጣ፣ እዚሁ ይቀበር ወይስ ይቃጠል?» ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚገጥማችሁ ያየሁትንና የተማርኩትን እነሆ።

ብዙ ሰው ወደ ማቃጠል የሚያዘነብለው በዋጋው ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የቀብር አስፈጻሚዎች ማኅበር መረጃ መሠረት በ2023 እ.ኤ.አ. ስንብት ያለው ቀብር መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር ነበር፤ የመቃብሩ ቦታና ሐውልቱ ሳይጨመሩ። ስንብት ተደርጎ በማቃጠል የሚያበቃው ደግሞ 6,280 ዶላር። ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ማቃጠል ከዚህም በእጅጉ ይረክሳል። የእኛን ሒሳብ ያናረው ግን ያላዘዝነው ነገር ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ደንብ ቀብር አስፈጻሚው ዋጋውን በዝርዝር ጽፎ እንዲሰጥ፣ በስልክ ለጠየቀም እንዲናገር፣ ከሌላ ቦታ የተገዛ ሣጥንም እንዲቀበል ያስገድዳል። ይህን ያወቅነው ከፈረምን በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አስከሬን ወደ ሀገር ማምጣት ከሁሉም አድካሚው ነው። እንዳይበላሽ በመድኃኒት ይጠበቃል፣ በታሸገ ሣጥን ይገባል፣ የሞት የምስክር ወረቀትና የቆንስላ ሰነድ ይሟላል፣ ከዚያ የአውሮፕላን ጭነት ይከፈላል። ከቦሌ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። እኛ 11 ቀን ጠበቅን። ሣጥኑ ከመኪና ሲወርድ አክስቴ ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የልጇ ደረት ይሆናል ባለችው ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች። እስከዚያች ሰዓት «ተሳስተው ይሆናል» ትል ነበር። እርሟን ያወጣችው ያን ቀን ነው። እናት በሕይወት ካለችና ወጪው ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የማይከት ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ዕዳ የሚያስገባ ከሆነ ግን ባረፈበት ሀገር ይቀበር። ለሙስሊም ቤተሰብም የሚስማማው ይኸው ነው፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ቶሎ መቀበር አለበትና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ባለባቸው የውጭ ከተሞች ፍትሐቱ በካህን ይደርሳል፤ ለቅሶውና የአርባው ተዝካር እዚህ ሊደረግ ይችላል። የሚጎድለው ዓመት በመጣ ቁጥር ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር ነው።

ማቃጠል ምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። አስከሬኑ ከ760 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ምድጃ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። የቀረው አጥንት ይፈጫል፤ ሁለትና ሦስት ኪሎ ያህል ይሆናል፣ በእጅ ሻንጣም ይያዛል። አመዱ የሚገባበት ዕቃ በፍተሻ መሣሪያ የሚታይ መሆን ስላለበት የብረት አይመረጥም። ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ መስጠቱ ነው፤ አመዱ ወራት ቢቆይ አይበላሽም።

ሃይማኖቱ ግን ከዋጋው በፊት ይጠየቅ። እስልምና ማቃጠልን ይከለክላል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ተቀባይነት የለውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1963 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ግን አመዱ እንዳይበተንና ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ አዛለች። በፕሮቴስታንቶች ዘንድ አቋሙ ይለያያል፤ ሐዋሳ ውስጥ ግን የለመድነው ቀብርን ነው፤ ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ከቤተ ክርስቲያናችሁ መሪዎች ጋር ተነጋገሩ። ሟቹ ራሱ «አቃጥሉኝ» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ቢከብደኝም ቃሉ ይከበር እላለሁ።

ማቃጠል የቅርብ ዘመድ ፊርማ ይፈልጋል፤ ከተፈጸመ ደግሞ መመለሻ የለውም። እዚያ ያለው ወገናችሁ ወረቀቱን ይዞ ይቆይ፤ ከመፈረሙ በፊት ለእናቲቱ ይደውልላት።