የኪስ ካሜራ ወይስ ጀማሪ ሚረርለስ? ሁለቴ ከከሰርኩ በኋላ የማውቀው

"ካሜራ ልገዛ ነው፣ ኪስ የምትገባዋን ልያዝ ወይስ ሌንሱ የሚቀያየረውን?" ይሄን ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል፣ አንዱማ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ ነው። ለእያንዳንዱ በድምፅ ስመልስ ምላሴ ስለደረቀ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ እኔ የሚረርለስ፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየረው ካሜራ፣ ወገን ነኝ፣ ያውም ያገለገለ ሚረርለስ። ለምን እንደሆነ ግን ከኪሳራዬ ልጀምር።

መጀመሪያ የገዛኋት ስሟን ማንም የማያውቃት ትንሽዬ ካሜራ ነበረች፣ ካርቶኗ ላይ በትልቁ "64 ሜጋፒክስል፣ ፎርኬ፣ 16 እጥፍ ዙም" ይላል፣ ዋጋዋ ደግሞ በጣም ርካሽ፣ እኔም ዕድል ቀናኝ ብዬ ገዛሁ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳጎላው ፊቱ በውሃ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ሴንሰር ትክክለኛው ፒክስሉ ጥቂት ነው፣ ካሜራዋ ራሷ ፎቶውን ለጥጣ ነው 64 የምታደርገው። ዙሙም ሌንስ የሚንቀሳቀስበት ዙም ሳይሆን ፎቶውን ቆርጦ ማጉላት ነው፣ ፎከሷ ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ የተገተረ ነው፣ ቀረብ ያለ ነገር ሁሉ ብዥ ይላል። ስልኬ በስንት እጥፍ ይበልጣታል። ስለዚህ ዋጋዋ ከአንድ ኦሪጅናል ባትሪ ብዙም የማይበልጥ "ፎርኬ ካሜራ" ካያችሁ እለፉት፣ በቃ፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለተኛዋ ግን እውነተኛ ካሜራ ነበረች፣ ታዋቂ ስም ያላት፣ ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ኮምፓክት፣ ማለትም ኪስ የምትገባው ዓይነት። (አንድ ኢንች ሲሉ አትሸወዱ፣ ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የመጣ ነው፣ ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ ከጥግ ጥግ ብትለኩት እንኳን 16 ሚሊሜትር አይሞላም።) እንዴት እንደወደድኳት! ጃኬት ኪሴ ውስጥ ነው የምትውለው። በስምንተኛው ወር ግን አንድ ቀን ሳበራት ሌንሷ ግማሽ መንገድ ወጣ፣ ጥርርርር ብሎ ቆመ፣ ስክሪኑ ላይ "ካሜራውን አጥፍተው እንደገና ያብሩ" የሚል ጽሁፍ መጣ። አጠፋሁ አበራሁ፣ ያው ጥርርርር። ምክንያቱ ኪሴ ውስጥ የነበረ አንድ የአሸዋ ፍሬ ነው፣ እንደ ቱቦ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባው ሌንስ መሃል ገብቶ የፕላስቲኩን ጥርስ በልቶታል።

ጠጋኝ ጋ ስወስዳት "ሌንሱ በሙሉ ይቀየር" አለኝና ዋጋውን ነገረኝ፣ ያገለገለች ሌላ ካሜራ ከምገዛበት ብዙም አይርቅም። እልህ ይዞኝ ራሴ ፈታኋት። ቅማል የሚያካክሉ ብሎኖች፣ ርዝመታቸው የተለያየ፣ አንዱን ካሳሳታችሁ ሌላ ነገር ትወጋላችሁ፣ ከስሩ ደግሞ ከወረቀት የሳሳ ፍሌክስ ገመድ አለ። በዛ ላይ ፍላሽ ያላት ካሜራ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ነገር አለ፣ ወደ 300 ቮልት ያጠራቅማል፣ ባትሪ ብታወጡም ቻርጁን ይዞ ይቆያል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ነዝሮኝ ነው፣ እስከ ክርኔ ድረስ። ስለዚህ ዩቲዩብ አይታችሁ ኮምፓክት ለመፍታት የምታስቡ ሰዎች እባካችሁ ተዉት።

እዚህ ጋ ነው ለኔ ልዩነቱ ያለው። ሚረርለስ ላይ ሌንሱ ቢበላሽ ሌንሱን ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፣ ቦዲው (ሌንሱ የሚሰካበት የካሜራው አካል) ቢሞት ሌንሱ ይተርፋል። ሴንሰሩ ላይ አቧራ ቢገባ ሌንሱን አውጥታችሁ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ እፍ ማድረግ ነው (በአፋችሁ አይደለም፣ ምራቅ ያርፍበታል)። ኮምፓክት ላይ ግን አቧራ ከገባ ካሜራዋ በሙሉ መፈታት አለባት። ይገባል ደግሞ፣ ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ስለሚስብ አቧራውንም አብሮ ይስባል።

አሁን ዋጋ። ብዙ ሰው ትንሽ ስለሆነች ትረክሳለች ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። የሶኒ አርኤክስ 100 የሚባለው ኮምፓክት ሰባተኛው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 1,200 ዶላር ነበር። ካኖን አር 100 የሚባለው ጀማሪ ሚረርለስ በ2023 ሲወጣ ቦዲው ብቻ 480፣ ከሌንስ ጋር 600 ዶላር፣ ማለትም ልክ ግማሽ። ካኖን ጂ7ኤክስ ማርክ 3 የምትባለው ኮምፓክት ደግሞ በ2019 በ750 ነበር የወጣችው፣ ከዛ ቲክቶክ ላይ ፋሽን ሆነችና ያገለገለችው ከአዲሱ ዋጋዋ በላይ ስትሸጥ በአይኔ አይቻለሁ። ያገለገለ እቃ ከአዲሱ በላይ! አምራቾቹ ኮምፓክት መስራት የተዉት ፈላጊ ጠፍቶ ነበር፣ በ2010 በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎች ተልከው ነበር፣ በ2023 ግን ወደ 1.7 ሚሊዮን ወርዷል። እቃው አነሰ፣ ፈላጊው በድንገት ተመለሰ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። መለዋወጫውም በዛው ልክ ነው የጠፋው።

ግን የሚረርለሱም ዋጋ ቦዲው ላይ የተጻፈው አይደለም፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋችኋል፣ ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ መያዣ ቦርሳ ያስፈልጋችኋል፣ እና ከሁሉም በላይ ሌላ ሌንስ ያስፈልጋችኋል፣ ይሄን ሻጮቹ አይነግሯችሁም። ምክንያቱም አብሮት የሚመጣው ኪት ሌንስ በምሽት ደካማ ነው። ሂሳቡን እዩት (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)፣ የአር 100 ኪት ሌንስ ዙሙ ሳይሳብ ኤፍ 4.5 ነው፣ አርኤክስ 100 ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሞዴል ድረስ ኤፍ 1.8 ነው። ይሄ ማለት የትንሿ ሌንስ ስድስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። የሚረርለሱ ሴንሰር በስፋት ወደ ሦስት እጥፍ ቢበልጥም ስድስቱን አያካክስም። ስለዚህ ኪት ሌንስ ብቻ ይዤ እኖራለሁ የምትሉ ከሆነ እኔ ራሴ ሚረርለስ ግዙ አልላችሁም፣ ማታ ቤት ውስጥ ስታነሱ ኮምፓክቷ ታሸንፋችኋለች፣ የወገንኩለት ካሜራ ቢሆንም ያው እውነቱ ይሄ ነው።

መፍትሄው ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው፣ የካኖኑ በ2020 ሲወጣ 200 ዶላር ነበር። እሱን ስትሰኩ የኤፍ ቁጥሩ እኩል ይሆንና የሴንሰሩ ስፋት በሙሉ ጥቅም ይሆናችኋል፣ የሰው ፊት ስታነሱ ከኋላ ያለው ነገር ቅልጥ ብሎ ይጠፋል፣ ኮምፓክት ይሄን በዚህ ልክ አታደርገውም። ጉድለቱ ጠባብ መሆኑ ነው፣ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ለማንሳት ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ትሸሻላችሁ። እኔ የልጄን ልደት ያነሳሁት በር ላይ ቆሜ፣ ግማሽ ሰውነቴ ኮሪደር ላይ ሆኖ ነው።

ኮፒ ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ተቆጠበ ተብሎ ካሜራ የሚገደለው እዚህ ነው። የሶኒ ኤንፒ ኤፍደብልዩ 50 ባትሪ ኦሪጅናሉ 1,020 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ገበያ ላይ መጠኑ ያው ሆኖ 2,000 ምናምን የተጻፈበት ታገኛላችሁ፣ እንዴት ብሎ እጥፍ ይሆናል? አይሆንም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል፣ ይባስ ብሎ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ኮምፓክት ውስጥ ሲቀረቀር ደግሞ አይወጣም፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ፣ በጉጠት ስትጎትቱ ትበሱታላችሁ፣ የተበሳ ሊቲየም ደግሞ እሳት ነው። ኦሪጅናል መግዛት ካቃታችሁ ቢያንስ ያልተጋነነ ቁጥር የጻፈውን ግዙ፣ ማበጥ ሲጀምርም ወዲያው አውጡት።

ካርድም እንደዛው። 128 ጊጋ የሚል ጽሁፍ ያለው ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ካርድ ደርሶኝ ያውቃል፣ እስከ 8 ድረስ በደንብ ይሰራል፣ ከዛ በላይ ያነሳችሁት ሁሉ ፋይሉ ይታያል እንጂ አይከፈትም። አዲስ ካርድ እንደገዛችሁ ካሜራ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሙሉና ፈትሹት፣ ሰዓት ይፈጃል ግን ከሰርግ ፎቶ መጥፋት ይሻላል።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉ፣ እኔ አሁን የምይዘው ሶኒ ኤ6000 ነው፣ የ2014 ካሜራ፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ባትሪውን ጨምሮ 344 ግራም። አርጅቷል፣ ሜኑው ያናድዳል፣ ቪዲዮው ፎርኬ አይደለም፣ ግን በብዛት ስለተሸጠ ያገለገለው፣ ሌንሱም መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል። አዲስ ካልሆነ አልገዛም ካላችሁ አር 100 አለ፣ ስክሪኑ ግን አይታጠፍም፣ በጣትም አይነካም፣ ከስልክ ለመጣ ሰው ያበሳጫል። የካኖን ኤም ተከታታይ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ቆም በሉ፣ ካኖን በ2023 አቁሞታል፣ ሌንሶቹም አዲሶቹ አር ካሜራዎች ላይ አይገቡም፣ የገዛችሁት ሌንስ ሁሉ ከዛ ካሜራ ጋር ነው የሚያረጀው።

እህቴን ግን ኮምፓክት ግዢ ብያታለሁ። ተራራ ትወጣለች፣ አርኤክስ 100 እንደ ሞዴሉ ከ240 እስከ 300 ግራም አካባቢ ነው፣ የኔን ካሜራ ከነሌንሱ ብሰጣት ቤት ጥላው እንደምትሄድ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስምያታለሁ፣ ኪሷ ውስጥ ራቁቷን እንዳትከታት፣ ዚፕ ባላት ትንሽ ከረጢት ውስጥ አድርጋ እንድትይዛት።

ያገለገለ ስትገዙ፣ ኮምፓክት ከሆነ አስር ጊዜ እያበራችሁ አጥፏት፣ ዙሙን ከጫፍ ጫፍ ውሰዱት፣ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ስሙ፣ ድምፁ ለስላሳ ካልሆነ ተዉት። ሁለቱም ላይ ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ እስከሚጠብበት አጥብባችሁ (የኤፍ ቁጥሩን ትልቅ አድርጋችሁ) ነጭ ግድግዳ አንሱና አጉልታችሁ እዩ፣ ጥቁር ነጥብ ካለ ሚረርለሱ ላይ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፣ ኮምፓክቷ ላይ ግን መመለሻ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሰራ ሶኒ ከሆነ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቋንቋ የሚቀየርበት ቦታ ገብታችሁ አረጋግጡ። ሻጩ "ባትሪው ስላለቀ ነው እንጂ ትሰራለች" ካለ ደግሞ ቻርጅ አድርጎ እስኪያሳያችሁ ድረስ ብር አታውጡ፣ የኔዋንም የሸጠልኝ ሰውዬ እንደዛ ነበር ያለኝ።