ለጽዳት የሰጠሁት ኮምፒውተር ግማሽ ራሙን አጥቶ ተመለሰልኝ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

እነዚህን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። መስታወቱ ላይ «ሽያጭ፣ ጥገና፣ ፎርማት» የሚል ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ላፕቶፕ ተከምሯል። ዋጋ ሲጠሩላችሁ ርካሽ ነው። «አንድ ሰዓት አይፈጅም» ይሏችኋል፤ ከሰዓት ስትደውሉ «ነገ ነይ» ይሆናል። የኔው መገናኛ አካባቢ ነው።

ዴስክቶፑ እንጀራዬ ነው። የሠርግ ካርድና ባነር የምሠራው በሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የከፈትነውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ 16 ጊጋ ነበር፣ ሁለት ባለ 8። ሰፈራችን ለመንገድ ከተቆፈረ ወዲህ ግን አቧራው አላስቀምጥ አለን። ጠዋት የጠረግኩት ጠረጴዛ ማታ ላይ ጣት ያጽፋል። የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፋል።

ምን እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር። አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ዋናውን ስሌት የሚሠራው ፕሮሰሰርም እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም በዓመታት ይደርቃል። ስለዚህ አቧራውን መንፋት፣ ፔስቱን መቀየር፣ በቃ። ብሎወር፣ አየር መንፊያ ማሽን፣ ስለሌለኝ ብቻ ነው የወሰድኩት።

የሱቁ ልጅ ኬዙን ከፍቶ አየው። «እህቴ፣ ራሙ ስንት ነው?» አለኝ።

«16 መሰለኝ» አልኩት።

ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም። 16 መሆኑን አውቃለሁ። ወንድሜ ሲሰካው አጠገቡ ነበርኩ። ግን አፌ ላይ የመጣው «መሰለኝ» ነው። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ ምንም አልጻፈም። እኔም ጻፍ አላልኩም። ወረቀት አልሰጠኝም፣ አልጠየቅኩም። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሁለት ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር። ትቼለት ወጣሁ።

በማግስቱ 1,800 ብር ከፍዬ ወሰድኩት። ክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ስቲከር ለጥፈውበታል። «ይሄ ከተቀደደ ጋራንቲ የለም» አለኝ። ጋራንቲ መስጠታቸው ራሱ ደስ አሰኘኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ስከፍተው ድምፁ ቀንሷል። ግን ከትናንት ወዲያ የሠራሁበትን ፋይል ስከፍት ድርቅ አለ። የኮምፒውተሩን አቅምና አጠቃቀም የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቼ ሜሞሪ የሚለውን አየሁ። 8 ጊጋ ይላል። አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም 8። የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ ክዳኑን ከፈትነው። ሁለት ራም ተሰክቷል፤ ሁለቱም ባለ 4። አንዱን ብቻ ቢነቅሉ ባዶው ቦታ ያስታውቅባቸው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቀየሯቸው። ማቀዝቀዣውን ስንፈታው ደግሞ ፔስቱ እንደ ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማንም አልነካውም። አቧራውንም ከላይ ከላይ ነው ያራገፉት።

ዛሬ ኬዙን ተሸክሜ ተመለስኩ። ልጁ አጎንብሶ ላፕቶፕ ይፈታል። «ራሜ 16 ነበር፣ አሁን 8 ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ካቻቪቴውን ማዞሩን ሳያቆም፣ «‹መሰለኝ› አይደል ያልሽኝ?» አለ።

ቃሌን ይዞታል። ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጦልኛል። ራሙ ስንት እንደሆነ ክዳኑን ሲከፍት አይቶታል፤ የጠየቀኝ እኔ ማወቅ አለማወቄን ለማጣራት ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ።

ከዚያ ኬዙን አዞር አድርጎ፣ «ስቲከሩም ተቀዷል፤ እኛ ጋ ይቀየር ቤትሽ ይቀየር በምን ይታወቃል?» አለኝ። ካልከፈትኩት ራሞቹ መቀየራቸውን ማየት አልችልም። ከከፈትኩት ደግሞ ጋራንቲ የለም። ከኋላው ያሉት ሁለት ሠራተኞች ተያይተው ሳቁ። አንደኛው፣ «ማዘር፣ ልጆች ነካክተውት ይሆናል» አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ልጁ «ደረሰኝ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ራሱ ያልሰጠኝን ደረሰኝ! «በይ ሥራ አታስፈቺን» ብለው ኬዙን በእግራቸው ወደ በሩ ገፋ አደረጉት። በእጃቸው እንኳ አላነሱትም። ከራሙ ይልቅ ውስጤን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ራሙም ቢሆን ዘንድሮ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

በሩ ላይ ሽበት ያላቸው አባት ዴስክቶፓቸውን ታቅፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። «አባቴ፣ ከመስጠትዎ በፊት ውስጡን ፎቶ ያንሱት» አልኳቸው። ልጁ ሰምቶ አፈጠጠብኝ። እሳቸው ኮምፒውተራቸውን ይዘው አብረውኝ ወጡ።

እናንተም ከመስጠታችሁ በፊት ታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንሱት። ክዳኑን አስከፍታችሁ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና ቁጥር አንሱ። ደረሰኝ ላይ «16 ጊጋ፣ ሁለት ባለ 8» ብለው ይጻፉላችሁ። ሲነፋ አጠገቡ ቁሙ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ብሎወር መዋስ ከቻላችሁ ደግሞ ቤታችሁ ንፉት። ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፤ አየሩ ፋኑን እንዳያሽከረክረው በጣታችሁ ያዙት።

ነገ ጠዋት የማስረክበው የሠርግ ካርድ አለብኝ። ይሄን ጽፌ ስጨርስ ፋይሉ ገና እየተከፈተ ነው።