ሃሪኬን ሲመጣ ዓይኔን የማልነቅልበት ድረ ገጽ

ካሪቢያን ደሴት ላይ ለምትኖሩ፣ ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ድረ ገጽ ከሁሉም ይሻላል፤ ደግሞም ነፃ ነው። መግለጫ በየ6 ሰዓቱ ያወጣል፤ ለየብስ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በየ3 ሰዓቱ።

በጣም የምወደው ንፋሱ መቼ ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳየውን ካርታ ነው። ያ ሰዓት ሳይደርስ መስኮቱ በጣውላ ተመትቶ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ ማለቅ አለበት፤ ንፋሱ ከጀመረ በኋላ መሰላል ላይ መውጣት አይታሰብም።

የትንበያው ካርታ ላይ የአውሎ ነፋሱን መንገድ የምታሳየው ሾጣጣ ቅርጽ ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች። የምታሳየው መሃሉ የት ሊያልፍ እንደሚችል እንጂ የአውሎ ነፋሱን ስፋት አይደለም። ከሾጣጣዋ ውጪ ነን ብላችሁ እንዳትዘናጉ! ጉልበቱም ቶሎ ሊጨምር ይችላል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የግሬናዳን ደሴት ካሪያኩን ያወደመው ሃሪኬን ቤሪል ከደካማ አውሎ ነፋስነት ተነስቶ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው ከባድ ሃሪኬን የሆነው።

ኔትወርክ ከጠፋ ድረ ገጹም አይከፈትምና የባትሪ ሬዲዮ አጠገባችሁ ይኑር።