ሠራተኛው ሲለቅ በሩን ማን ይዘጋል? ኦፕንቪፒኤን፣ ዋየርጋርድ እና አይኬኢቪ2 ሲነጻጸሩ

ደሴ ፒያሳ ላይ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያለው ሰው ሁለቱን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ለማገናኘት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የቱ ይፈጥናል?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። «የመጋዘኑ ልጅ ነገ ሥራ ቢለቅ፣ ስልኩ ላይ ያለውን መግቢያ በምን ትዘጋበታለህ?» ብዙው ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል።

መታየት ያለበት ግን ይሄ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም ግንኙነቱን የሚቀበለው ማሽን፣ በር ላይ የመጣውን እንዴት ያጣራል? ሦስቱ የቪፒኤን ዓይነቶች፣ ኦፕንቪፒኤን፣ ዋየርጋርድና አይኬኢቪ2፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር አላቸው። ገንዘባችሁ የሚወጣው ለራውተሩ፣ ከውጭ ለሚደረስበት ቋሚ አይፒ አድራሻና ለባለሙያው ነው።

ኦፕንቪፒኤን እያንዳንዱን መሣሪያ ሰርተፍኬት (እኛ የምንሰጠውን ዲጂታል መታወቂያ) ይጠይቃል። ማሳየት ብቻ አይበቃም። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ በራሱ ምሥጢራዊ ቁልፍ ፈርሞ የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ሰርቨሩ ሦስት ነገር ያያል፦ የሰጠነው እኛ ነን ወይ? ጊዜው አላለፈም? የተሰረዙት ዝርዝር ውስጥ የለም? በላዩ ላይ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ መጨመር ይቻላል። ያኔ ስልኩን የሰረቀ ሌባ፣ ፓስወርዱ እዚያው ካልተቀመጠለት በቀር፣ አይገባም።

ጣጣው ያለው ሰርቨሩ ላይ ባለች አንዲት ቅንብር ነው። ሰርተፍኬት «ግዴታ»፣ «ካለ ይታይ» ወይም «አያስፈልግም» ማለት ይቻላል። ካልነካችሁት ግዴታ ነው። አንድ ድርጅት ሄጄ ሳይ፣ የቀድሞው ባለሙያ «አያስፈልግም» ላይ አድርጎት ሄዷል። ሠራተኛው በሙሉ በአንድ ፓስወርድ ይገባል። ፓስወርዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል! «ካለ ይታይ» የሚለውም ቢሆን መታወቂያ ጠይቆ «ረሳሁት» ያለውን የሚያሳልፍ ዘበኛ ነው። የሚቀራችሁ ፓስወርዱ ብቻ ነው።

እኔም ከጥፋት አልጸዳሁም። ሰርተፍኬት የምናዘጋጅበት ኢዚ-አርኤስኤ የሚባለው ፕሮግራም የተሰረዙትን ሰርተፍኬቶች ዝርዝር ሲያወጣ፣ ካልቀየራችሁት፣ የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው። ይህን ረሳሁት። አንድ ሰኞ ጠዋት የደንበኛዬ ሠራተኞች በሙሉ ውጭ ቀሩ። ሰርተፍኬታቸው ደህና፣ ፓስወርዳቸው ልክ። ጊዜው ያለፈበት ዝርዝሩ ራሱ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ስሰደብ ቆየሁ።

ዋየርጋርድ ይህ ሁሉ ግርግር የለበትም። ሰርተፍኬት የለም፣ ፓስወርድ የለም። ሰርቨሩ የሚያውቃቸውን የይፋ ቁልፎች (ከየመሣሪያው ምሥጢራዊ ቁልፍ ጋር የሚጣመሩትን) ይመዘግባል፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተፈቀደለት አድራሻ አለው። ቁልፉ ያልተመዘገበ ሰው ቢያንኳኳ «አትገባም» እንኳ አይባልም፤ ሰርቨሩ ዝም ይላል። ሠራተኛ ሲለቅ አንድ ቁልፍ ማጥፋት ነው። ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል፤ ሚክሮቲክ ራውተሮችም ሮውተርኦኤስ ከሚባለው ሶፍትዌራቸው 7ኛ እትም ወዲህ ይዘውታል። ድክመቱ፣ መሣሪያውን እንጂ ሰውየውን አያውቅም። ሳይቆለፍ የጠፋ ስልክ ቀጥታ ቢሮአችሁ ያስገባል። የሚሠራውም ዩዲፒ በሚባለው የኢንተርኔት መላኪያ ዘዴ ብቻ ስለሆነ፣ ዩዲፒ የሚዘጋ የሆቴል ዋይፋይ ላይ ከነጭራሹ አይነሳም። ኦፕንቪፒኤን እንዲህ ባለ ቦታ በሌላው ዘዴ፣ በቲሲፒ፣ መውጣት ይችላል።

አይኬኢቪ2 ዊንዶውስና አይፎን ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ አፕ መጫን የለም። ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፍኬት ያሳይና ከእናንተ ስምና ፓስወርድ ወይም ሰርተፍኬት ይጠይቃል። ማዘጋጀቱ ግን አድካሚ ነው። ለትንሽ ሱቅ አልመክርም።

መብራት ደግሞ አለ። ባትሪ ያለው ሰዓት የሌለው ራውተር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ስቶ ሊነሳ ይችላል። ያኔ ደህናው ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። «ዋየርጋርድ ሰርተፍኬት ስለሌለው አይመለከተውም» የሚል ብትሰሙ አትመኑ። ግንኙነቱን የሚጀምረው ወገን የመጀመሪያ ሰላምታው ላይ ሰዓት ይጽፋል፤ ሰርቨሩም መጨረሻ ካየው ሰዓት የቀደመውን አይቀበልም። የኮምቦልቻው ራውተር ወደኋላ ከሄደ ደሴ በሩን አይከፍትለትም። ስለዚህ ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ አስደርጉ፤ ያም ጥያቄ በቪፒኤኑ ውስጥ እንዳያልፍ፤ ሰዓቱ ሳይስተካከል ቪፒኤኑ ራሱ ላይነሳ ይችላልና።

እስከ አሥር ሰው፣ እርስ በርስ የሚተዋወቅ ቤት ከሆነ ዋየርጋርድ በቂ ነው። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት፣ ሂሳብ ከውጭ የሚታይበት ቦታ ከሆነ ኦፕንቪፒኤን በሰርተፍኬትና በፓስወርድ። ለዚህ ግን የዝርዝሩን ቀን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን «እስቲ እኔ ፊት አንዱን ስልክ አስወጣው» በሉት። ስልኩ በዚያች ደቂቃ ገብቶ የተቀመጠ ይሁን። ኦፕንቪፒኤን ላይ፣ ሰርተፍኬቱ ቢሰረዝም፣ የገባ ሰው ቀጣዩ ማጣራት እስኪደርስ ይቆያል፤ እሱም ካልተቀየረ በየ1 ሰዓቱ ነው። ባለሙያው ግንኙነቱን በእጁ ማቋረጥ አለበት። ዋየርጋርድ ላይ ደግሞ ቁልፎቹ የተመዘገቡበትን ፋይል አስተካክሎ ሰርቨሩ እንደገና እንዲያነበው ካላደረገ ምንም አልተለወጠም። ስልኩ አሁንም የመጋዘኑን ዕቃ ዝርዝር ከከፈተ፣ ሥራው ገና አላለቀም።