ለብርድ ወንዝ የገዛሁት ሱሪ፦ ከአንድ በጋ በኋላ

ዋጋውን ልዝለለው። ባለቤቴ ልታነበው ትችላለች።

ዕቃው ዌደር ነው፤ ከእግር እስከ ደረት የሚለበስ፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ። ካልሲው አብሮ የተሰፋ ነው፤ ከላዩ የወንዝ ጫማ ይደረጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥበት ሱቅ አላገኘሁም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው ይዞልኝ የመጣው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ ወይብ ወንዝ ላይ ለብሼዋለሁ። እዚያ የማጠምደው ትራውት የሚባለው ዓሣ ዱሮ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው።

በክረምት ወንዙ ስለሚደፈርስ ዓሣው መንጠቆ ላይ ከላባ የተሠራችውን የማጥመጃ ዝንብ አያያትም። ውሃው የሚጠራው ውርጩ ሲመጣ ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። ማለዳ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው የማጥመጃው ዘንግ ቀለበቶች በበረዶ ይደፈናሉ፤ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነከር ሲያደርጉት ይለቃል። ዓሣውም ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው ሲበርድ ይፈዛል። ጥልቁ ጋ፣ መሬቱን ይዞ ይተኛል እንጂ ዝንብ አያሳድድም። ስለዚህ ክብደት ያላትን ዝንብ አስምጦ፣ አፍንጫው ሥር በቀስታ ማሳለፍ ነው። ያ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተገትሮ መቆም ማለት ነው። ሱሪው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የእኔው ስሱ፣ ላብ የሚያስተነፍሰው ዓይነት ነው። ኒዮፕሪን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ጎማ የሚሠራው ወፍራሙ ዓይነት ቆሞ ለሚውል ሰው ይሞቃል። እኔ ግን ብዙ በእግሬ ስለምሄድ በዚያ ከፍታ ኒዮፕሪን ለብሶ መራመድ በላብ መዘፈቅ ነው። ስሱ በራሱ አያሞቅም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጥ ከሚለበሰው ነው። ጥጥ እንዳትሞክሩ፤ ላቡን ይዞ ይቀዘቅዛል። ከሰልባጅ የመረጥኩት የሱፍ ሱሪና ካልሲ አንጀቴን አርሶኛል። ካልሲ ደራርቦ ጫማ ማጥበቅ ግን ጉዳት ነው፤ ደም አይዘዋወርም፣ ጣት ይደነዝዛል።

ጥር ላይ ቀኝ ጉልበቴ አካባቢ ይረጥብ ጀመር። ቀዳዳው በዓይን አይታይም። አራት ኪሎ ካለ ፋርማሲ አልኮል ገዝቼ፣ ሱሪውን ገልብጬ ውስጡን ረጨሁት። ጠቆር ያሉ ነጥቦች ብቅ አሉ፤ የሰናፍጭ ፍሬ ያህላሉ። ሁሉም ስፌቱ ዳር! በዚህ ዋጋ ስፌቱ አንድ በጋ እንኳን አለመዝለቁ ያናድዳል። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ቀብቼ አሳደርኩት፤ ከዚያ ወዲህ አላስገባም።

ማድረቁ ሌላ ጣጣ ነው። እርጥቡን ከጠቀለሉት ይሻግታል። መጀመሪያ ውስጡ፣ ቀጥሎ ውጪው፣ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ መድረቅ አለበት። በረንዳዬ ላይ ሰቅዬው ባደረ ማግስት የግቢው ዘበኛ በሩን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ሰው የተሰቀለ መስሎኝ ክው አልኩ እኮ!» አሁን ቤት ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት ነው የምሰቅለው። ቤተሰቡ ያጉረመርማል።

ሱሪውን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ጫማውን ግን አልደግመውም። ሶሉ እንደ ብርድ ልብስ የተደፈጠጠ ጨርቅ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ውርጭ የመታው ሣር ላይ ግን ያንሸራትታል። ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል፤ እርጥቡ ጨርቅ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ረቂቅ ተባይ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የተከለከለባቸው ቦታዎች አሉ። ቀጣዩ የጎማ ሶል ያለው፣ ከቁጥሬ በአንድ የሚበልጥ ይሆናል።